ኮንትሮል ዜድ ሲጫኑ ምን መሆን አለበት? ስለ መቀልበስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብዳቤ፣ ሪፖርት፣ ውል ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር የጻፈ ሁሉ ኮንትሮል ዜድን፣ ማለት የመጨረሻውን ድርጊት የሚቀለብሰውን ትእዛዝ፣ ያውቃል። ጠባዩ ግን በየፕሮግራሙ ይለያያል። አንዱ ፊደል በፊደል ይመልሳል። ሌላው ሙሉ አንቀጽ ይዞ ይሄዳል። ሴቭ ሲደረግ ሁሉን የሚረሳም ነበረ።

እዚህ ያሉት መልሶች ለሚጽፍ ሰውም፣ የመጻፊያ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰውም ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የመቀልበስ ልኩ ጸሐፊው "አሁን ይህን አደረግሁ" ብሎ የሚያስበው ነገር ነው። ኮምፒውተሩ በውስጡ ስንት ጊዜ እንደቆጠረ ጸሐፊውን አይመለከተውም። ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መቀልበስ በትክክል ምን ምን መመለስ አለበት?

ሰነዱን ከድርጊቱ በፊት ወደነበረበት፣ ሳይጎድል ሳይጨመር። ብዙ ፕሮግራሞች ጽሑፉን ይመልሱና ሌላውን ይረሳሉ። አንድ አንቀጽ መርጠው ሳለ እጅዎ ስፔስ ነካ እንበል። አንቀጹ ጠፋ። ኮንትሮል ዜድ ሲጫኑ ቃላቱ ብቻ ቢመጡ አይበቃም። ቦልዱ፣ የፎንቱ መጠን፣ የግርጌ ማስታወሻው፣ አለቃዎ ከጎን የጻፉት አስተያየት አብሮ መምጣት አለበት።

አንቀጹም እንደተመረጠ ሆኖ መመለስ አለበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ቀድሞ የመረጡት ሊያደርጉበት ያሰቡት ነገር ስለነበረ ነው። ጠቋሚው ሰነዱ መጨረሻ ላይ ቢገኝ ያንን አንቀጽ እንደገና ሊፈልጉት ነው።

አንድ ጊዜ ስጫን ምን ያህል መመለስ አለበት?

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ይህ ነው። ፊደል በፊደል ከተመለሰ አንድ መስመር ለማንሳት አርባና ሃምሳ ጊዜ መጫን ሊጠይቅ ነው። ከሩብ ሰዓት ጀምሮ የተጻፈውን ባንድ ጊዜ የሚወስድ ደግሞ ያስደነግጣል።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ሳይቋረጥ የተጻፈ ጽሑፍ አንድ ላይ ይያዝ፣ ነገር ግን ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይብለጥ። ጸሐፊው ቆም ሲል አዲስ እርምጃ ይጀመር። ጠቋሚውን ወደ ሌላ ቦታ ሲወስድ፣ ኢንተር ሲመታ፣ ፔስት ሲያደርግ፣ ከመጻፍ ወደ ማጥፋት ሲዞርም እንዲሁ። በተለይ መጻፍና ማጥፋት በአንድ እርምጃ ከተዋሃዱ ጸሐፊው ምን እንደተመለሰለት ማወቅ ይቸግረዋል።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። አንድ ቃል መርጠው በላዩ ሌላ ሲጽፉ፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ከዚያ መጻፍ። ለእርስዎ ግን አንድ ነገር ነው፤ ቃል ቀየሩ። ስለዚህ አንድ ኮንትሮል ዜድ የድሮውን ቃል ማምጣት አለበት።

ብዙ ቦታ የሚነካ ትእዛዝም እንደዚያው አንድ እርምጃ ነው። ሁለት መቶ ገጽ ባለው ሰነድ ውስጥ "ሚኒስቴር" የሚለውን ሁሉ "ሚኒስትር" ብለው ተኩ እንበል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱም ሰውየውም እንደተደባለቁ አዩ። ሦስት መቶ ቦታ ተቀይሮ ቢሆን እንኳ ባንድ መጫን ሁሉም መመለስ አለበት።

ፕሮግራሙ ራሱ የቀየረውስ?

ቁጥር አንድና ነጥብ ጽፈው ስፔስ ሲመቱ ፕሮግራሙ ዝርዝር ያደርገዋል። የሰው ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ "አርሜ ላሳምርልዎ" ብሎ ሌላ ስም ያደርገዋል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ኮንትሮል ዜድ የፕሮግራሙን እርማት ብቻ አንስቶ እርስዎ የጻፉትን መተው አለበት። ማይክሮሶፍት ወርድ እንዲህ ያደርጋል፤ ደግ አድርጓል። ያልጠየቁትን እርማት ለማንሳት የጻፉትን ማጣት የለብዎትም።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ቃል እንደገና ቢያርመው ግን ስህተት ነው። አንዴ "አይሆንም" ተብሏል። ለዚያ ቦታ መስማት አለበት።

በአማርኛ ስጽፍ መቀልበስ ለምን ይዘባረቃል?

ምክንያቱ በብዛት ያለው የፊደል አገባቡ ላይ ነው። በድምፅ የሚጽፉ የአማርኛ ኪቦርዶች አንድን ፊደል በሁለት መጫን ነው የሚሠሩት። "ሰላም" ለማለት ኤስ ሲመቱ "ስ" ይወጣል። ቀጥሎ ኢ ሲመቱ "ስ" ይነሳና "ሰ" ይተካል። ኤል ሲመቱ "ል"፣ ከዚያ ኤ ሲመቱ "ላ"። በመጨረሻ ኤም፣ "ም"። ሦስት ፊደል፣ አምስት መጫን፤ በመሃል ደግሞ ሁለት ጊዜ ፊደል ጠፍቶ ተተክቷል።

የመጻፊያ ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ለየብቻ ከመዘገበው፣ ሲቀለብሱ ጉዞው በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ይሄዳል። "ሰላ" የነበረው "ሰል" ይሆናል። ወይም ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ቦታ ይታያል። እርስዎ "ሰል" ጽፈው አያውቁም። ሳድሱ ወደ ግዕዙ ወይም ወደ ራብዑ መሻገሪያ ብቻ ነበረ። መሻገሪያ ላይ መቆም ደግሞ ትርጉም የለውም።

ሌላም ችግር አለ፤ ይኼኛው ይብሳል። አንዳንድ የኪቦርድ ሶፍትዌሮች መጨረሻ የተመታውን ፊደል ራሳቸው ያስታውሳሉ። ሰነዱ በኮንትሮል ዜድ ወደ ኋላ ሲመለስ ኪቦርዱ ላይሰማ ይችላል። ቀጥለው አናባቢ ሲመቱ ኪቦርዱ የሌለ ፊደል ሊያርም ሄዶ ከጎን ያለውን ፊደል ይበላል። እንዲህ ሲያጋጥምዎ ከቀለበሱ በኋላ ጠቋሚውን በማውስ አንዴ ነክተው ይጀምሩ። ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ለሠሪዎች ያለኝ ጥያቄ ቀጥተኛ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ለየቋንቋው ፊደል የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮግራም ይህን አለማወቁ ምክንያት አይሆንም። አንድ ፊደል የሚሠራው መጫን ሁሉ አንድ ላይ ይመዝገብ። እርምጃ የሚለየውም በእንግሊዝኛው ነጥብ ብቻ አይሁን። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብም ይቆጠሩ። አራት ነጥብን የማያውቅ ፕሮግራም ሦስት ዐረፍተ ነገር አንድ ላይ አስሮ ሊወስድብን ይችላል።

ምን ያህል እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ መቻል አለብኝ?

ፋይሉ እስከተከፈተበት ድረስ። ቁጥር ማስቀመጥ ያረጀ አሠራር ነው። የመጀመሪያዎቹ የማኪንቶሽ ፕሮግራሞች አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚመልሱት። ሁለተኛው መጫን ያንኑ መልሶ ያደርገው ነበር። ፎቶሾፕ እስከ 2018 ድረስ ኮንትሮል ዜድን በዚያ መንገድ አቆይቶታል። ዛሬ ኤክሴል እስከ 100 ድርጊት ይመልሳል። ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራምም ማንም ሳይነካው 100 ላይ ነው፤ ከፈለጉ መጨመር ይቻላል።

ለፎቶ ገደቡ ይገባኛል፤ አንድ ብሩሽ ብዙ ሜሞሪ ይበላል። ጽሑፍ ግን ቀላል ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8፣ በተለመደው የጽሑፍ ማስቀመጫ መንገድ፣ ሦስት ባይት ብቻ ይይዛል። ፈጣን ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ቢጽፍ የሚያወጣው ከአንድ የስልክ ፎቶ ያነሰ ነው።

ሪዱ ለምን ድንገት ይጠፋል?

ሪዱ የቀለበሱትን መልሶ ማድረጊያ ነው። ዊንዶውስ ላይ በብዛት ኮንትሮል ዋይ፣ ማክ ላይ ኮማንድ ሺፍት ዜድ። (አንድ ፕሮግራም ሁለቱንም ዓይነት ቢቀበል ማንም አይጎዳም።)

የሚጠፋው እንዲህ ነው። የድሮውን አጻጻፍ ለማየት ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። እዚያ ሳሉ አንድ ፊደል በስህተት ነኩ። በአብዛኛው ፕሮግራም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ወደ ፊት የነበረው ሃያ እርምጃ የለም። ኮንትሮል ዋይ ደጋግመው ቢጫኑ ምንም አይመጣም።

በእኔ ግምት በመጻፊያ ፕሮግራሞች ውስጥ ካሉት ጉድለቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሥራን ከመጥፋት ለማዳን የተፈጠረ ነገር ራሱ ሥራ ያጠፋል። ጠፋ ሲባልም አያስጠነቅቅም። መፍትሔው ደግሞ ከተገኘ ቆይቷል። ቪም የተባለው የፕሮግራመሮች ኤዲተር ከ2006 ጀምሮ፣ ከስሪት 7.0 ማለት ነው፣ የእርምጃዎቹን ታሪክ በቅርንጫፍ ይይዛል። ወደ ኋላ ሄደው አዲስ ነገር ቢጽፉ አሮጌው ቅርንጫፍ ይቀመጣል። "ከ10 ደቂቃ በፊት ወደነበረው መልሰኝ" ማለትም ይቻላል። ኢማክስ የተባለው ሌላ ኤዲተር ደግሞ መቀልበሱን ራሱን እንደ አዲስ ድርጊት ይመዘግበዋል። ስለዚህ ምንም አይጠፋም፣ ግን ለለመደው ሰው ካልሆነ ግራ ያጋባል። ቀጥተኛ የሪዱ ትእዛዝ አብሮት የመጣው በስሪት 28፣ በ2022 ነው።

ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው የቅርንጫፍ ሥዕል ማሳየት አያስፈልግም። አሮጌውን መንገድ ሳይጥሉ ማስቀመጥና በታሪክ ዝርዝሩ ውስጥ "የተተወ ጽሑፍ፣ 4፡20" ብሎ ማሳየት ይበቃል። የሚፈልገው ሰው ጠቅ አድርጎ ያመጣዋል።

ሴቭ ካደረግሁ በኋላ መቀልበስ መቻል አለብኝ?

አዎ። ሴቭ ማድረግ ማለት "ሐሳቤን ጨረስኩ" ማለት አይደለም። ከ2007 በፊት የነበሩት የኤክሴል ስሪቶች ሴቭ ሲደረግ ታሪኩን ያጠፉት ነበር። በየአምስት ደቂቃው ሴቭ የሚያደርግ ጠንቃቃ ሰው የበለጠ ይቀጣ ነበር ማለት ነው። እንኳንም ቀረ።

አንድ ደስ የሚል ዝርዝር አለ። ሴቭ አድርገው፣ ትንሽ ጽፈው፣ ያንን ቀልብሰው ሴቭ ወዳደረጉበት ቢመለሱ፣ ፕሮግራሙ "ያልተቀመጠ ለውጥ አለ" ማለቱን ማቆም አለበት። የሚቀመጥ ነገር የለምና።

ፋይሉን ከዘጋሁ ወይም መብራት ከጠፋስ?

በአብዛኛው ፕሮግራም የመቀልበስ ታሪክ የሚኖረው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ ውስጥ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ሲጽፉ መብራት ድንገት ከሄደ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ወርድ በየ10 ደቂቃው ለማገገሚያ የሚያስቀምጠው ቅጂ ጽሑፉን ሊያተርፍ ይችላል፤ ታሪኩን ግን አይመልስም። ቪም ከ2010 ጀምሮ ታሪኩን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ችሏል። ሌሎችም እንዲህ ቢያደርጉ እወዳለሁ።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታሪኩ ሰነዱ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ለገዢ የሚልኩት የዋጋ ደብዳቤ ላይ መጀመሪያ ሌላ ዋጋ ጽፈው አጥፍተው ይሆናል። ተቀባዩ ኮንትሮል ዜድ እየተጫነ ያንን ማየት የለበትም። ታሪኩ በጸሐፊው ኮምፒውተር ይቅር፣ ፋይሉ ብቻ ይሂድ።

አንድ ሰነድ ላይ ብዙ ሆነን ስንጽፍ የማንን ሥራ ይመልሳል?

የእርስዎን ብቻ። ጎግል ዶክስም እንዲህ ነው የሚሠራው። እርስዎ ኮንትሮል ዜድ ሲጫኑ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለች ባልደረባዎ አሁን የጻፈችው መስመር ከፊቷ ቢጠፋ ሥራ አይሠራም፤ ጠብ ነው የሚሆነው።

ለማለት ቀላል ነው፣ ለመሥራት ግን ከባድ ነው። እርስዎ ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። እሷ ከላይ ሁለት አንቀጽ ጨመረች። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር አሁን ሦስተኛው መስመር ላይ የለም። ፕሮግራሙ "ሦስተኛውን መስመር አጥፋ" ብሎ ካስታወሰ የእሷን ያጠፋል። ስለዚህ የሌሎች ለውጥ በገባ ቁጥር የእርስዎ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ አብሮ መስተካከል አለበት። ኤሊስና ጊብስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 ያቀረቡት ዘዴ የዚህ መሠረት ሆኗል። ጎግል ዶክስም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ያልተፈታው ጥያቄ ሁለታችሁም አንድ ቦታ ስትነኩ ነው። እርስዎ አንቀጽ ጻፉ። እሷ ገብታ አንድ ስም አረመች፣ አንድ ቀን ጨመረች። አሁን እርስዎ አንቀጹን ቀለበሱ። የእሷ እርማት ምን ይሁን? ብቻውን ተንጠልጥሎ ቢቀር "ሰኞ ጠዋት" የሚል ቁራጭ ሰነዱ መሃል ይገኛል። አብሮ ቢሄድ ሥራዋ ጠፋ። እኔ አብሮ ይሂድ እላለሁ፤ ግን በሁለት ግዴታ። አንደኛ፣ ከመሄዱ በፊት "የሌላ ሰው እርማትም አብሮ ይነሳል" ተብሎ ለእርስዎ ይነገር። ሁለተኛ፣ እሷ እንዲታያትና ካስፈለጋት መልሳ እንድታመጣው ይሁን። ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር የጋራ ሰነድ ላይ እምነት ያጠፋል።

የሁሉንም ሥራ ወደ ትናንት መመለስ ሲፈለግ ቦታው ኮንትሮል ዜድ አይደለም፤ የስሪት ታሪክ ነው፣ ሰነዱ በየጊዜው የነበረበት መልክ የሚቀመጥበት ዝርዝር። ከትልቅ ለውጥ በፊት ስሪቱን ስም ሰጥተው ያስቀምጡ። "ከዳይሬክተሩ አስተያየት በፊት" የሚል ስም ከሳምንት በኋላ በጣም ይጠቅማል።

ሲመለስ ምን እንደተመለሰ እንዴት ላውቅ?

ማየት አለብዎት። ለውጡ ያለው ገጽ 40 ላይ ሆኖ እርስዎ ገጽ 3 ላይ ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ወደ ገጽ 40 ይውሰድዎት፣ ይመልስ፣ የተለወጠውንም ለአፍታ ቀለም ይቀባ። ሜኑው ላይም "ቀልብስ" ብቻ ሳይሆን "ፔስት ማድረግን ቀልብስ" ተብሎ ይጻፍ። ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የስክሪን አንባቢም ይህንኑ በድምፅ ይናገር። ለእነሱ ዝም ያለ መቀልበስ ከአለመኖሩ ብዙም አይሻልም።

መቀልበስ የማይገባቸው ነገሮች አሉ?

አሉ። ስክሮል ማድረግ፣ ማጉላትና ማሳነስ፣ ቃል መፈለግ ሰነዱን አይለውጡም፤ ታሪኩ ውስጥ አይግቡ። የሌላ ፋይል ሥራም አይግባ። ኤክሴል ሁለት ፋይል አብረው ሲከፈቱ ታሪካቸውን ስለሚያዋህድ፣ አንዱ ላይ ሆነው ሲቀለብሱ ሌላኛው ፋይል ሊለወጥ ይችላል። ማክሮ (ብዙ ትእዛዝ በተከታታይ ራሱ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) ሲያስኬዱ ደግሞ ታሪኩን ያጸዳዋል። ሁለቱንም ማወቅ ብዙ ራስ ምታት ያድናል። ከማክሮ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ።

ከእጅ የወጣ ነገርም አይመለስም፤ የታተመ ወረቀት፣ የተላከ ኢሜይል። ጂሜይል ላይ ያለው የመላክ መሰረዣ መልእክቱን እስከ 30 ሰከንድ አዘግይቶ ነው የሚሠራው። ብልህ ዘዴ ነው። ሌላውም ሁሉ ከ"እርግጠኛ ነዎት?" ጥያቄ ይልቅ እንዲህ ቢደረግ እመርጣለሁ። ያ ጥያቄ በየቦታው ሲመጣ ሰው ሳያነብ "እሺ" ማለት ይለምዳል። ማስጠንቀቂያው በእውነት ለማይመለስ ነገር ይቆጠብ።

በስልክስ?

አይፎን ላይ ስልኩን መነቅነቅ ነው፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በሦስት ጣት ወደ ግራ ማንሸራተትም አለ። ሁለቱንም ማንም ካልነገረዎት አያገኟቸውም። የሚታይ ቀስት ከላይ ይቀመጥ፤ ሌላ አያስፈልግም።

ይህን ነገር ማን ጀመረው?

በ1960ዎቹ መጨረሻ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፍሬስ የተባለ ሥርዓት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በ1976 ሚለርና ቶማስ የተባሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ተጠቃሚ ቢያንስ የመጨረሻ ትእዛዙን መልሶ መውሰድ ቢችል ጥሩ ነው ብለው ጽፈዋል። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪ ጎን ለጎን ሆነው የመጡት በአፕል ሊሳ በ1983 ነው።

ፕሮግራም እሠራለሁ። በትክክል መሥራቱን እንዴት ልፈትን?

ማሽኑ በዘፈቀደ ሺህ ድርጊት ሰነዱ ላይ ያድርግ፤ ይጻፍ፣ ያጥፋ፣ ሠንጠረዥ ያስገባ፣ ፎንት ይቀይር። ከዚያ ሁሉንም ይቀልብስ። ሰነዱ ከመጀመሪያው ጋር ፍጹም አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ሁሉንም በሪዱ ይመልስ፤ ከመጨረሻው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንድ ስፔስ እንኳ ከተለየ ስህተት አለ። ይህ ፈተና ሰው በዓመት የማያገኘውን ችግር በአንድ ሌሊት ያወጣል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ አማርኛ ጸሐፊ አጠገብዎ አስቀምጠው ሲጽፍ ይመልከቱ። የእርምጃው መጠን ትክክል መሆኑን ማሽን አይነግርዎትም።

አሁን ጽሑፌ ከፊቴ ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

ምንም አይጻፉ። ፋይሉን አይዝጉ። መጀመሪያ ኮንትሮል ዜድ አንድ በአንድ ይጫኑ፣ በየመሃሉ ስክሪኑን እያዩ። ጽሑፉ ብቅ ሲል ወዲያው ሙሉውን መርጠው ኮፒ ያድርጉና አዲስ ፋይል ላይ ፔስት አድርገው ሴቭ ያድርጉ። ኮፒ ማድረግ ሰነዱን ስለማይለውጥ ሪዱዎን አይነካም፤ የመጨረሻውን ሥራ ለማምጣት በኮንትሮል ዋይ ወደ ፊት መመለስ ይችላሉ። በመቀልበስ ካልመጣ ጎግል ዶክስ ላይ የስሪት ታሪኩን ይክፈቱ። ወርድ ላይ ከሆኑና ፋይሉ ሳይቀመጥ ተዘግቶ ከሆነ፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ ኢንፎ ውስጥ ገብተው ያልተቀመጡ ሰነዶችን ማገገሚያውን ይፈልጉ። ቶሎ ያድርጉት፤ እነዚያ ቅጂዎች ለዘላለም አይቆዩም።